የኃጢአት ሥርየትና የባልንጀራ ዕዳ

በክርስቲያን ሕዝብ አፍ እንደ ይቅርታ አዘውትሮ የሚነገር ቃል ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ፍችውን የሚመረምር ሰው ብዙ አይገኝም። ሰው በመንገድ ትከሻ ቢገፋ ይቅርታ ይላል፤ ነፍስ ያጠፋም ሰው በካህን ፊት ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። ቃሉ አንድ ሲሆን ነገሩ እጅግ ይራራቃል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ሰው የባልንጀራውን ልጅ ሰርቆ ቢሸጥና ኋላ ተጸጽቶ ንስሓ ቢገባ፥ ኃጢአቱ ተሰረየለት ማለት ምን ማለት ነው? የተሸጠው ልጅ አልተመለሰም፤ የእናቱም እንባ አልደረቀም። በደሉ እንዲያው ከተተወ ፍርድ ወዴት አለ? ዋጋው ሁሉ ተከፍሎ እስኪያልቅ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ምሕረት ወዴት አለ?

ይህ ጥያቄ ለኢሉባቦር ሰው የመጽሐፍ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። በዚህ አገርና በአዋሳኞቹ ሰው ከእናቱ እጅ እየተነጠቀ፥ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጠ ወደ ባሕር ጠረፍ የተነዳበት ዘመን ነበረ። የሻጮቹም የተሸጡትም ወገኖች ዛሬ በመቱና በጎሬ፥ በሁሩሙና በበደሌ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፥ በአንድ ደብር ይሳለማሉ። ስለዚህ የሥርየትን ትርጉም ማወቅ ለዚህ አገር ካህንም ሆነ ምእመን የቤቱ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ የቃላቱን ፍች መመልከት ይገባል፤ አባቶች ትምህርቱን በቃላቱ ውስጥ አኑረውታልና። ይቅርታ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሊፈለግ የሚገባው ነገር ሳይፈለግ ይቅር፥ ይተው ማለት ነው። ካህኑ ተናዛዡን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲለው ደግሞ ኃጢአትን እንደ እስራት፥ ሥርየትንም እንደ መፍታት አድርጎ ያሳያል፤ ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎትም ፍትሐት መባሉ ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ቃል ቤዛ ነው። ቤዛ የተያዘውን ሰው ለማስለቀቅ በእርሱ ፈንታ የሚሰጥ ዋጋ ወይም በእርሱ ፈንታ የሚገባ ሰው ነው። እነዚህ ሦስት ቃላት አንዱን ነገር በሦስት ወገን ይናገራሉ፤ ይቅርታ የተበዳዩን መተው፥ ፍትሐት የበዳዩን መፈታት፥ ቤዛ ደግሞ በሁለቱ መካከል የተከፈለውን ዋጋ ያመለክታል። ብዙ ሰው ሁለቱን ቃላት ወድዶ ሦስተኛውን ይረሳል፤ ስለ ሥርየት የሚነገረው ስሕተትም አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

ይቅርታ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ቢኖር ወደ መቱ ገበያ ወርዶ ነጋዴውን ይጠይቅ። ነጋዴው ቡናው ሳይለቀም ለባለ ቡናው ገንዘብ ያበድራል፤ ቡናው ሲደርስም በብድሩ ፈንታ ይረከባል። ተበዳሪው ገንዘቡን በልቶ ቡናውን ለሌላ ቢሸጠው፥ ነጋዴውም ችግሩን አይቶ «ይቅርልህ» ቢለው፥ ዕዳው ወዴት ሄደ? ጠፋ እንዳይባል ገንዘቡ ከነጋዴው ቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ከተበዳሪው ጫንቃ ወርዶ በአበዳሪው ጫንቃ ላይ ተጫነ እንጂ አልጠፋም። በዚያ ዓመት የነጋዴው ቤት የጎደለው ነገር ሁሉ የይቅርታው ዋጋ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ይቅርታ ሁሉ ከፋይ አለው። በፍርድ የሚከፍለው በዳዩ ነው፤ በይቅርታ የሚከፍለው ተበዳዩ ነው።

የአገሩ የኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓትም በደል በቃል ብቻ እንደማይታጠብ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ነፍስ በጠፋ ጊዜ የአገር ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ወገን መካከል ገብተው ጉማ ያስከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ደም ይደርቃል፥ ወገኖቹም ይታረቃሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አስተዋይ ሰው ሊመለከተው የሚገባ አንድ ታላቅ ነገር አለ። ጉማውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ እጃቸውን በደም ያልነከሩ ወንድሞቹና ዘመዶቹም ያዋጣሉ። የሥጋ ዝምድና የበደሉን ዕዳ ለመካፈል ያስገድዳቸዋል። እንግዲህ ንጹሕ ሰው ስለ በደለኛ ወገኑ ይከፍላል የሚለው ነገር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ወንጌል ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በጉማ የሚከፍለው የበዳይ ወገን ነው፤ በመስቀል ላይ የከፈለው ግን የተበደለው ራሱ ነው። ሕጉ የፈረሰበት፥ ክብሩ የተደፈረበት አምላክ ካሣ ይጠይቃል ሲባል ካሣውን ራሱ ይዞ መጣ። ነገር ግን እንዲሁ ከሩቅ ሆኖ «ትቻለሁ» አላለም። ሥጋ ለብሶ፥ ከድንግል ተወልዶ የበዳዩ ወገን ሆነ። ስለዚህ በአንዱ ክርስቶስ ሁለቱ ነገሮች ተገናኙ፤ አምላክ እንደ መሆኑ የተበደለው እርሱ ነው፥ ሰው እንደ መሆኑም ስለ ወንድሞቹ የሚከፍለው ንጹሕ ዘመድ እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ተዋሕዶ አጥብቃ መከራከሯ ለቃል ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ክርስቶስ ከሁለት ቢከፈል ቤዛነቱም ከሁለት ይከፈላል፤ ይቅር የሚለው አንዱ፥ የሚከፍለው ሌላው ይሆናልና።

ይህ ትምህርት ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር ከኢሉባቦር ምድር የወጣ አንድ ታሪክ ያስረዳዋል። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከመቱ በማይርቀው በሁሩሙ አቅራቢያ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ሂካ ተባለ። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ኋላ ራሱ እንደ ጻፈውም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። ምጽዋ በደረሰ ጊዜ፥ በ1870፥ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣውና በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገው። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ፤ በዚያን ጊዜ የተቀበለው ስም አናሲሞስ ነው። በታሪክ አናሲሞስ ነሲብ ወይም አባ ገመቺስ ተብለው የታወቁት ሰው እኚህ ናቸው።

ስሙ የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈው አጭር መልእክት ነው። የመጀመሪያው አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የኮበለለ ባሪያ ነበረ። በእስር ቤት ከጳውሎስ ጋር ተገናኝቶ አመነ፤ ጳውሎስም ደብዳቤ ጽፎ ወደ ጌታው መለሰው። የደብዳቤው ነገር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ጳውሎስ «አናሲሞስ ምንም አልበደለህም» ብሎ አልካደም፤ «ያለፈው አልፏል፥ እርሳው» ብሎም አላቃለለም። በደል ወይም ዕዳ ካለበት በራሱ በጳውሎስ ስም እንዲቈጠር ጠየቀ፤ እንደሚከፍልም በገዛ እጁ ጽሑፍ ዋስ ሆነ። ቀጥሎም የተመለሰውን ሰው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነ። እነሆ የቤዛነት ትምህርት በአንዲት ትንሽ ደብዳቤ ውስጥ ተፈጽሞ ይገኛል፤ ዕዳው ታመነ፥ ሌላው ዕዳውን ተሸከመ፥ የተፈታውም ሰው ወንድም ሆነ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሥርየት ሙሉ አይሆንም።

ነገር ግን በሁለቱ አናሲሞሶች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የጥንቱ አናሲሞስ የጌታው ባለ ዕዳ ነበረ ይባላል፤ የሁሩሙ ልጅ ግን የማንም ባለ ዕዳ አልነበረም። ዕዳ ያለባቸው የሰረቁትና የሸጡት ናቸው። በሥጋዊ ሒሳብ ቢሆን ከዚያች አገር ሊቀበል እንጂ ለዚያች አገር ሊሰጥ አይገባውም ነበር። ሆኖም አናሲሞስ ወደ ተወለዱበት ሕዝብ ለመመለስ ደጋግመው ሞከሩ፥ መንገዱም ተዘጋባቸው። በዚህ መካከል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መተርጐም ያዙ፤ ሐዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በሥራው ብዙ የደከመች ረዳታቸው አስቴር ጋኖም እንደ እርሳቸው ባርነትን የቀመሰች ናት፤ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከብ መንገድ ላይ አግኝቶ ነፃ ያወጣት ሴት ነበረች። እንግዲህ ወንጌል በኦሮሞ ቋንቋ የተተረጐመው ተሽጠው በነበሩ ሰዎች እጅ ነው።

እዚህ ላይ የልጅነት ስማቸው ሊታወስ ይገባዋል። በኦሮሞ ቋንቋ «ሂኩ» ማለት መፍታት ማለት ነው፤ ቋጠሮን መፍታትም፥ ቃልን መተርጐምም በዚያው ቃል ይነገራል። በአማርኛም እንዲሁ ሕልም ይፈታል፥ ቅኔ ይፈታል፥ የታሰረም ይፈታል። ሰዎች ያሰሩት ሂካ ተፈትቶ ቃሉን ለሕዝቡ ፈታ። አናሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ ገቡ። በ1906 ስለ ትምህርታቸው ተከስሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈርዶባቸው ሳለ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። በዚያው አገር ሲያስተምሩ ኖረው በ1931 ሞቱ። የዚያ ክርክር ነገር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። በልባቸው ለሻጮቻቸው የነበረውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ለሰው የሚታየው ሥራቸው ነው። የተበደለው ሰው ሳይገደድ ከፈለ፥ ያውም ዕድሜውን ሁሉ። የተቤዠ ሰው ምልክቱ ይህ ነው፤ በስሙ ያልተጻፈውን ዕዳ ይከፍላል።

ስለ ሻጮቹስ ምን ይባላል? የሥርየት ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃ መሆኑን ይመሰክራል፤ ባርነትን ያመጣው ጦርነት መሆኑን ይናገራል፤ ባሪያን ነፃ ማውጣትንም ከበጎ ሥራ ይቈጥራል። ይህ ቃል እየተነበበ ሳለ ግን በብዙ ክርስቲያን ቤት ባሪያ እንጨት ይሰብር፥ ውሃ ይቀዳ ነበር። መንግሥት በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን ሕግ አወጣ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ እንዲቀር አዋጅ ታወጀ። ሕጉ እስራቱን ፈታ። ነገር ግን ከሻጮቹ ብዙዎቹ በእነዚያ ዓመታት መካከል ጾመው፥ ሰግደው፥ ተናዝዘው፥ ፍትሐት ተደርጎላቸው ዐርፈዋል። ተናዛዡ የጾመበት ቀን ተቈጥሯል፤ የሸጠው ልጅ የደረሰበትን ቦታ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ክርክሩ በሁለት ወገን ይነሣል። አንዱ፥ «ክርስቶስ ሁሉን ከፍሏል፤ ሰው ካሣ ይክፈል ማለት የመስቀሉን ዋጋ ማሳነስ ነው» ይላል። ሁለተኛው፥ «የቀማኸውን ሳትመልስ ስለ ሥርየት አታውራ» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን የነገሩን ቅደም ተከተል ስተዋል። ቀራጩ ዘኬዎስ በዛፍ ላይ ሳለ ጌታ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ነገረው፤ ከዚህ በኋላ ዘኬዎስ ተነሥቶ ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፥ የቀማውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ጌታ ወደ ቤቱ ለመግባት ዋጋ አልጠየቀም፤ እንግዲህ መመለሱ የሥርየት ዋጋ አልነበረም። ጌታ ከገባበት ቤት ግን የሰው ገንዘብ ተደብቆ ሊኖር አልቻለም፤ ስለዚህ መመለሱ የሥርየት ምስክር ሆነ። ሥሩ የደረቀ ዛፍ ፍሬ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ መመለስን የማይወልድ ንስሓም በሕይወት የለም።

የዮሴፍም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ዮሴፍ በወንድሞቹ እጅ የተሸጠ ልጅ ነው። ወንድሞቹ በረሃብ ዘመን በፊቱ በቆሙ ጊዜ ወዲያው አልተገለጠላቸውም፤ ፈተናቸው እንጂ። ይሁዳ ቀድሞ ዮሴፍ እንዲሸጥ የመከረው ነበረ፤ በመጨረሻ ግን ስለ ብንያም ፈንታ ራሱ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ለመነ። ዮሴፍ እንባውን መያዝ ያልቻለው በዚያን ጊዜ ነው። ወንድሙን የሸጠው ሰው ለወንድሙ ቤዛ ሊሆን ወደደ፤ ከዚህ የሚበልጥ የንስሓ ምስክር አልነበረም። ዮሴፍ ግን እህሉን ቀድሞ ሰጥቷቸዋል፥ ብራቸውንም በየዓይበታቸው ከትቶ መልሶላቸዋል። ምሕረቱ ቀደመ፥ መለወጣቸው ተከተለ፥ ዕርቁም በመጨረሻ ተገለጠ።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። የተበደለው ሰው ከሞተ ወይም ወዴት እንደ ደረሰ ካልታወቀ፥ ስለ እርሱ ይቅር የሚል ማን ነው? የጎሬ ከተማ ይህን ጥያቄ በሌላ መከራ ታውቀዋለች። የጎሬው ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ በዚያው ከተማ ተገደሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ በተሸነፈው ጠላት ላይ ክፋትን በክፋት እንዳይመልስ አሳሰቡ፤ ይህም የሚመሰገን ቃል ነበር። የንጉሥ ቃል የበቀልን እጅ ይይዛል፤ ስለ ሟቹ ግን ይቅር ሊል አይችልም። የሟች ልጅም ቢሆን የራሱን ኀዘን ይቅር ይላል እንጂ የአባቱን ሞት ይቅር ለማለት ሥልጣን የለውም። ስለ ሙታንና ስለ ጠፉት ይቅር ማለት የሚችለው በእያንዳንዱ የተበደለ ሰው በደል የተበደለ ብቻ ነው። መድኃኔ ዓለም በ30 ብር ተሽጧል፥ ታስሯል፥ ያለ ፍርድ ተገድሏል፤ ለታናናሾቹ የተደረገውም ለእርሱ እንደ ተደረገ ተናግሯል። ስለዚህ የሁሩሙን ልጅ የሸጠ ሰው ክርስቶስን ሽጧል፤ ሊምረው የሚችለውም እርሱው ነው። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» እንጂ «እኔ ፈትቼሃለሁ» የማይለው ስለዚህ ነው።

የተበደለው ሰውም ቢሆን ከይቅርታ የሚያገኘው ነገር አለ። በቀድሞ የአገር ሥርዓት ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቋጥረው፥ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ባለ ዕዳው እንዳያመልጥ የታሰረ ነው፤ ነገር ግን ባለ ገንዘቡም ከእርሱ ጋር የታሰረ ነበር። ባለ ዕዳው በተቀመጠበት ይቀመጣል፥ በሄደበትም ይሄዳል። ቂም እንዲህ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደ ተባለ፥ በዳዩ በሰላም ሲተኛ ተበዳዩ ከቁስሉ ጋር ያድራል። ይቅር ማለት መርሳት አይደለም፤ ጠባሳው ይታወቃል፥ ታሪኩም ለልጅ ይነገራል። ይቅር ማለት ቁራኛውን መፍታት ነው። ዋስ የሆነ ሌላ ስላለ ተበዳዩ ነፃ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህን ለተበዳዩ የሚመክር ሰው ይጠንቀቅ። ዋጋውን የሚከፍለው ያ የቆሰለው ሰው ነውና፥ ይቅርታ ሊለመን እንጂ ሊታዘዝ አይገባውም። በዳዩ ሳይናዘዝ ተበዳዩን «ይቅር በል» እያሉ ማስጨነቅ ሁለተኛ በደል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለካህንም ለምእመንም ግልጥ ነው። የንስሓ አባት ጾምና ስግደት ሲያዝዝ፥ «የባልንጀራህ ገንዘብ፥ መሬት፥ ስም በእጅህ አለን?» ብሎ ይጠይቅ። ካለ ይመለስ፤ ባለቤቱ ባይገኝ ለወገኑ፥ ወገኑም ባይገኝ ለድሀ ይሰጥ። ስግደት የሰጋጁን ጉልበት ያደክማል፤ የተቀማውን ሰው ጎተራ ግን አይሞላም።

ከሻጮች ዘር የተወለደውም ሰው «እኔ ማንንም አልሸጥሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ ኃጢአት አይወረስበትም። ነገር ግን በጉማ ንጹሓን ወንድሞች እንደሚከፍሉ ያስታውስ። ዛሬም በጋብቻ ጊዜ አጥንት እየተቈጠረ የባሪያ ዘር ነው ተብሎ የሚገፋ ሰው አለ፤ በጠብ ጊዜም ያ ስም ለስድብ ይወጣል። አዋጅ ከተነገረ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተሰማ፥ ዕዳው እስከ ዛሬ አልተከፈለም ማለት ነው። ጳውሎስ ፊልሞናን የለመነው አናሲሞስን በነፃ እንዲያሰናብተው ብቻ አልነበረም፤ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ነበር። ወንድም ደግሞ በአንድ ገበታ ይቀርባል፥ ልጁንም ለልጅ ይሰጣል ይቀበላል። የኃጢአቱ ሥርየት እንደ ተሰጠው የሚያምን ክርስቲያን ባልንጀራውን እንዲህ አድርጎ ሲቀበል፥ በነፃ የተቀበለውን ምሕረት በእውነት እንደ ተቀበለ ሰው ያውቅለታል።